የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፦ ከምግቡ ዓይነት ይልቅ የምግቡ ሰዓት

የታይሮይድ ሆርሞን አንሶሃል የተባለ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከምግብ ምን ልተው?» ብሎ ነው። ጎመን አትብላ፣ አኩሪ አተር አይሆንህም የሚለው መካሪም አይጠፋም። እኔ የምሟገተው ግን የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን ለሚወስድ ታካሚ ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ምግቡና ኪኒኑ የሚገናኙበት ሰዓት ይበልጥ ወሳኝ ነው ብዬ ነው። መድኃኒቱ በማይክሮግራም የሚለካ በመሆኑ ጥቂቱ እንኳ ሳይሰርጽ ቢቀር ጉድለቱ በደም ምርመራ ይታያል። ካልሲየምና ብረት አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ለደም ማነስ ብረት የታዘዘላት ሴት ሁለቱን ኪኒን አንድ ላይ ከዋጠች ቲኤስኤቿ (የታይሮይድ ዕጢን የሚያነቃቃው ሆርሞን) ከፍ ይላል፤ ሐኪሟም ችግሩ የሰዓት መሆኑን ካልጠየቀ መጠን ይጨምርላታል። በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ሊኖር ይገባል። ቡናም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጣሊያን ጥናት ኪኒኑን በኤስፕሬሶ የወሰዱ ታካሚዎች መድኃኒቱ በሚገባ እንዳልሰረጸላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ቡና መተው አያስፈልግም፤ ኪኒኑን በውኃ ውጦ አቦሉን አንድ ሰዓት ማቆየት ይበቃል።

ጎመን ዕጢውን ይጎዳል የሚለው ሙግት መሠረት የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 እንደተዘገበው አንዲት የ88 ዓመት አረጋዊት በየቀኑ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ጥሬ የቻይና ጎመን ለወራት በልተው በሆርሞን ማነስ ራሳቸውን እስከ መሳት ደርሰዋል። ነገር ግን መጠኑንና ጥሬነቱን ልብ ይሏል። የእኛ ጎመን የሚበላው ተቀቅሎ ነው፤ እሳቱ ጎጂውን ውህድ የሚያመነጨውን ኢንዛይም ያከሽፈዋል። ከዚያም በላይ እነዚህ ውህዶች የሚያውኩት ዕጢው ከአዮዲን ሆርሞን የሚሠራበትን ሂደት ነው። ሆርሞኑን ሙሉ በሙሉ ከኪኒን የሚያገኝ ሰው ደግሞ በዚያ ሂደት ላይ አይመካም።

አዮዲንን በተመለከተ ጉዳዩ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እንቅርት ለዘመናት የኖረው በአዮዲን እጥረት ነው፤ የጨው አዮዲን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 መውጣቱም ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 89 በመቶ የሚሆነው ቤተሰብ አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀም ነበር። ጨውን ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሲወርድ መጨመር አዮዲኑን ያቆየዋል። ይሁንና የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢውን በሚያጠቃበት የሃሺሞቶ ሕመም ተጨማሪ የአዮዲን እንክብል አያድንም፤ እንዲያውም ሊያባብስ ይችላል። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል።

የቀረው ጠንካራ ተቃውሞ የጾም ነው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ፣ ወይም በረመዳን ቀኑን የሚጾም ሰው የማለዳውን ኪኒን እንዴት ያድርገው? እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ኪኒኑን በመኝታ ሰዓት የወሰዱት ታካሚዎች የደም ውጤታቸው ከማለዳው የተሻለ ሆኗል፤ ስለ ሕመም ስሜታቸው የሰጡት ምላሽ ግን አልተለወጠም። ከእራት ወይም ከአፍጥር ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ መዋጥ ነው። ሰዓቱ ከተቀየረ ቲኤስኤች ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለካ፤ የቀድሞው መጠን የተወሰነው በቀድሞው ሰዓት ነውና።