የሴት ልጅ ልብስና የአደባባይ ፍርድ

አንድ ሕዝብ ሴቶቹን በምን ዓይን እንደሚመለከት ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ ሕገ መንግሥቱን ከማንበቡ አስቀድሞ የአውቶቡስ ማቆሚያውን ቢጎበኝ ብዙ ይማራል። የናይሮቢ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል።

ኢምባካሲ ከናይሮቢ ከተማ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ፥ ብዙ ሠራተኛ ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ስሙ በውጭ አገር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1958 በተከፈተው የአውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፥ ያንን ማረፊያ ለመሥራት የእንግሊዝ ገዥዎች በማው ማው ዐመፅ ምክንያት ያሰሯቸውን ሰዎች ጉልበት በግዴታ ተጠቅመዋል። ከነጻነት በኋላ ግን የነጻነቱ ፍሬ ለወንድና ለሴት እኩል አልደረሰም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2014፥ ወደ ኢምባካሲ የሚሄዱ አውቶቡሶች በከተማው መካከል በሚቆሙበት ስፍራ፥ ወንዶች ተሰብስበው አንዲትን ሴት «ቀሚስሽ አጭር ነው» በማለት ልብሷን ገፈፏት። ድርጊቱም በተንቀሳቃሽ ሥዕል ተቀርጾ በየስልኩ ተሠራጨ። በዚህ ዓይነት ያች ሴት ሁለት ጊዜ ተገፈፈች፤ መጀመሪያ በእጅ፥ ሁለተኛ በሥዕል። ነገር ግን ውርደቱን ያሠራጨው መሣሪያ ራሱ ረዳቶችንም ሰበሰበ። በፌስቡክ ይገናኙ የነበሩ እናቶች ባደረጉት ጥሪ ኅዳር 8 ቀን 2007 ዓ.ም. በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች፥ ደጋፊ ወንዶችም ጭምር፥ «ልብሴ ምርጫዬ» እያሉ በከተማው ሰልፍ ወጡ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ በወጣው ሕግ፥ ሰውን በግድ ልብሱን የገፈፈ በእስራት እንዲቀጣ ተደነገገ።

የገፋፊዎቹ ክርክር ግን አዲስ አልነበረም። በታንዛኒያ የገዥው ፓርቲ የወጣቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 አጭር ቀሚስንና ሰው ሠራሽ ጠጕርን የባዕድ ልማድ ናቸው ብሎ እንዲከለከሉ ሲያውጅ፥ ጋዜጦች የድጋፍና የተቃውሞ ደብዳቤዎችን ለብዙ ጊዜ አትመዋል። በዚያው ዘመን ያው መንግሥት የማሳይ ሕዝብ የአባቶቹን ልብስ ትቶ እንደ ዘመኑ እንዲለብስ ያስገድድ ነበር። እንግዲህ አንዱ ልብስ ባዕድ ነው ተብሎ፥ ሌላው ኋላ ቀር ነው ተብሎ ከተነቀፈ፥ የክርክሩ ሥር ልማድን መጠበቅ ሳይሆን በሌላው ሰው አካል ላይ ማዘዝ መሆኑ ግልጽ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ሕዝቦች ቀድሞ ቁርበት ይለብሱ ነበርና፥ ዛሬ «የአባቶች ሥርዓት» የሚባለው ረጅም ቀሚስ በብዙ ስፍራ የተስፋፋው ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ጋር ነው።

እኛም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት በተዘጋጀ ጊዜ፥ ተማሪዎች የባዕድን ባህል እንቃወማለን ብለው በዕንቍላልና በስድብ ተቀበሉት። ስለ ጭቁን ሕዝብ የሚከራከሩት እነዚያው ወጣቶች የቍጣቸውን በትር ያሳረፉት ግን በእኅቶቻቸው ላይ ነበር። ሴቲቱ የአገር ክብር መለኪያ ስትደረግ፥ የራሷ ክብር ይረሳል።

የዚህም ጉዳት በልብስ አያበቃም። በአንድ በኩል የመጽሔትና የማስታወቂያ ሥዕል «እንዲህ ካልሆንሽ ውብ አይደለሽም» ይላታል፤ በሌላ በኩል አደባባዩ «እንዲያ ከሆንሽ ጨዋ አይደለሽም» ይላታል። በእነዚህ በሁለቱ ፍርዶች መካከል የምታድግ ልጅ በሌላ ሰው ዓይን ራሷን መመልከት ትለምዳለች፤ ከቤት ስትወጣ የምታስበው ስለ ትምህርቷ ወይም ስለ ሥራዋ ሳይሆን ስለሚያያት ሰው ይሆናል። ይህም ፍርሃት አእምሮን ያደክማል፤ የመማርን ኃይል ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የመምህራን ድርሻ ይመጣል። ትምህርት ቤት የልብስ ሥርዓት ማውጣቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ለወንዱም ለሴቲቱም አንድ ይሁን፤ ያጠፋችም ልጅ ብትኖር ለብቻዋ ትመከር እንጂ በሰልፍ ፊት አትዋረድ። ሴት ልጅ በጓደኞቿ ፊት ስትዋረድ የሚመለከት ወንድ ተማሪ ስለ ጨዋነት አንዳች አይማርም፤ የሚማረው እርሷን ማዋረድ የተፈቀደ መሆኑን ብቻ ነው። ያንን ትምህርት ይዞ አንድ ቀን ከአውቶቡሱ ማቆሚያ ይደርሳል።