የሐረር ጁገል በሮችና መንገዶች

ስለ ከተማ መንገድ የሚነጋገሩ ሰዎች የሐረርን ጁገል ሲያነሡ፥ መንገዱ ያለ ዕቅድ የተሠራና የጠበበ ነው ብለው ማለፍ ይቀናቸዋል። ይህ ፍርድ ከተማይቱን በመኪና ልክ ከመመዘን የመጣ ይመስለኛል።

በ16ኛው ምእት ዓመት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ያሠሩት ግንብ የሚከበው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ነው። ሪቻርድ በርተን በ1855 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) ወደ ከተማይቱ ገብቶ በውስጧ ያለውን ሕዝብ 8,000 ገደማ ብሎ ገመተ። ግምቱን ብንቀበል ለአንድ ሄክታር ከ160 ሰው በላይ ይደርሳል፤ ያውም ቤቱ ወደ ላይ ብዙ ሳይደራረብ። ይህን ሕዝብ ለመያዝ ያስቻለው የግቢው አሠራር ነው። ቤቶቹ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ጋራ ግቢያቸው ያዞራሉ፤ መንገዱም የእግረኛና የተጫነ አህያ መተላለፊያ ስለ ነበረ፥ ከዚያ የበለጠ ስፋት አላስፈለገውም።

አምስቱ ጥንታውያን በሮች ከአምስት ዋና መንገዶች ጋራ የተያያዙ ነበሩ፤ ከተማይቱም በዚያው ልክ በአምስት ሰፈር ትከፈል ነበር። በአማርኛ ሸዋ በር፥ ኤረር በር መባላቸው መንገዱ ወዴት እንደሚወስድ ይነግረናል። በሮቹ ሌሊት ይዘጉ ስለ ነበር፥ የገበያተኛ መግቢያ ብቻ ሳይሆኑ የአሚሩ ሥልጣን የሚታይባቸው ስፍራዎችም ነበሩ።

ነገሩ የተለወጠው ምኒልክ በ1887 ከተማይቱን ከያዙ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የህንድ ነጋዴዎች ባለ ሁለት ደርብ ቤት ሠሩ፤ የአንዳንዱም በረንዳ በቀጥታ መንገዱን ይመለከታል። ቤት ፊቱን ወደ መንገድ ማዞሩ ለታሪክ ተመራማሪ ትንሽ ነገር አይደለም፤ መንገዱ መተላለፊያነቱ ቀርቶ የገበያ ፊት መሆን መጀመሩን ያሳያልና። በ1902 ደግሞ የምድር ባቡሩ ተራራውን ሸሽቶ ድሬዳዋ ሲደርስ፥ የሩቅ አገሩ ንግድ ወደ ቈላው ወረደ።

ኋላም መኪና መጣ። ጥንታውያኑ በሮች ስላልተመቹት፥ በ20ኛው ምእት ዓመት የሐረር በር የሚባለው አዲስ በር ተከፈተ፤ ከዚያም ሰፊው መንገድ ወደ መካከሉ አደባባይ፥ ወደ ፈረስ መጋላ፥ ይዘልቃል። አዲሲቱም ከተማ ከግንቡ ውጭ በምዕራብ በኩል ተዘረጋች። በእኔ አስተያየት የቀሩትን መንገዶች ያዳናቸው ይኸው ነው፤ መኪናው የራሱን መንገድ በማግኘቱ ሌላውን ለማፍረስ ያለው ግፊት ቀለለ።

በ2006 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሆኖም መንገድ ይስፋ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቍጥር መታየት ያለበት የድንጋዩ ዕድሜ ብቻ አይደለም። አንዱን መተላለፊያ በሁለት ክንድ ማስፋት የግቢውን ግንብ ማፍረስ ነው፤ ግንቡም ሲፈርስ ብዙ ቤተ ሰብ በጋራ የሚውልበት ደጅ ለአላፊ አግዳሚ ይጋለጣል።