ፀሐይ የጎዳው ቆዳ ሳይቆረጥ ሲታይ

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፡፡ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፡፡ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን ጨረሩን ልብ አንለውም፡፡ እኔ በምኖርበት ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውለው የግንባታ ሠራተኛና የጉልት ነጋዴ ብዙ ነው፡፡

ቆዳን የሚያስረጀው ዕድሜ ብቻ አይደለም፡፡ የእጅዎን ጀርባ ከክንድዎ የውስጥ ክፍል ጋር ያስተያዩ፡፡ ዕድሜያቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱን በአብዛኛው ያመጣችው ፀሐይ ናት፡፡

ለመሆኑ ሐኪም ይህን ጉዳት ሳይቆርጥና ሳይወጋ በምን ያየዋል? ቀላሉ መሣሪያ ዴርማቶስኮፕ ነው፡፡ መብራት ያለው፣ 10 ጊዜ ያህል የሚያጎላ የእጅ መነጽር ሲሆን የቆዳን ቀለም አቀማመጥና ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያሳያል፡፡ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ እ.ኤ.አ. በ1903 ከሠሩት የብርሃን ማጣሪያ የተገኘው የዉድ መብራት ደግሞ ማድያትን አጉልቶ ያወጣል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ጥቅሙ ውስን ነው፡፡

ጠለቅ ብለው የሚያዩም አሉ፡፡ 20 ሜጋኸርዝ ገደማ የሚሠራ አልትራሳውንድ የቆዳን ውፍረት ይለካል፤ ፀሐይ በጎዳው ቆዳ ሥር ጠቆር ያለ መስመር ያሳያል፡፡ የዓይን ሐኪሞች ሬቲናን የሚያዩበት ኦሲቲ በቆዳ ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይዘልቃል፡፡ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ በጨረር ሕዋሳትን ለይቶ ቢያሳይም ጥልቀቱ ከ0.3 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ ዋጋውም ውድ ነው፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ፡፡ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱም አጠራጣሪ እብጠት ወይም ቁስል ሲገኝ ናሙና ወስዶ የሚደረገውን ምርመራ ሙሉ በሙሉ አይተካም፡፡ በውበት ማዕከል ኮምፒውተር ላይ የሚወጣ «የቆዳዎ ዕድሜ» የሚል ቁጥርም የሐኪም ውጤት አይደለም፡፡ መሸብሸብን ለመቁጠር ገንዘብ ከማውጣት በፊት በሽታን መለየት ይቀድማል፡፡

ምርመራው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው፡፡ ቆዳቸው የሚከላከልለት ቀለም ስለሚያንሰው በፊት፣ በጆሮና በአንገት ላይ ለሚወጣ ካንሰር ይጋለጣሉ፡፡ ሻካራና ቀላ ያለ ነጠብጣብ ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት አለባቸው፡፡ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎችም ብንሆን ከአደጋው ነፃ አይደለንም፡፡ በእኛ ላይ ሜላኖማ የተባለው ካንሰር በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው የእግር መዳፍ፣ በእጅ መዳፍና በጥፍር ሥር ነው፤ መንስኤውም እዚያ ፀሐይ አይደለችም፡፡

ከክፍለ ከተማችን ብዙም ሳይርቅ በዘነበወርቅ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት፣ የቆዳ ሕክምናም ይሰጣል፡፡ አንድ ወር አልፎት ያልዳነ ቁስል፣ ቅርጹን የቀየረ ጥቁር ነጥብ ወይም የሚደማ እብጠት ያለው ሰው ቅባት ከመሞከሩ በፊት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ፡፡ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ደግሞ ከማንኛውም መሣሪያ ይረክሳሉ፡፡