ፀሐይ ስጦታ አይደለችም

ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአሜሪካ ፎቶ ላከልኝ። እዚህ ካሳራኒ ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ የቤተሰቡ ተራ ደርሶ ሄደዋል። ጡረታ ወጥቶ ሙዚየም በገባ ትልቅ የጦር አውሮፕላን ክንፍ ሥር ቆሟል። አውሮፕላኑ ኬሲ-135 የሚባለው ነው፤ ሥራው ሰማይ ላይ እንዳለ ለሌሎች አውሮፕላኖች ነዳጅ ማደል ነበር። ወደ 90 ሺህ ኪሎ ግራም ነዳጅ ይይዛል። ከጅራቱ ሥር ረጅም ቧንቧ ይዘረጋና ነዳጅ ፈላጊው አውሮፕላን ጥጃ ከላም ሥር እንደሚጠጋ ተጠግቶ ይጠባል። ልጁ ከፎቶው በታች እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ቲቸር፣ እኛስ ሙዚየም የሚገባ አውሮፕላን አለን?»

አለን። ለሌላ ነዳጅ የምታድል አይደለችም፤ የራሷንም የምትይዘው በጥቂቱ ነው። ስሟ ፀሐይ ይባላል። ዕድሜዋን ከሞላ ጎደል የጨረሰችው በማረካት አገር ነው።

ይህችን አጭር መልስ በግሩፓችን ላይ ስለጥፍ ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዱ «ጀርመን የሠራትን ምን የእኛ ትላታለህ?» አለ። ሌላው «የመንግሥት ፕሮፓጋንዳ ነው፣ አንተም ተቀላቀልክ?» አለ። ሦስተኛዋ ደግሞ በቅንነት «ጣሊያን ከሰጠችን ማመስገን ነው እንጂ» አለች። ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል። በተለይ የሦስተኛዋ አባባል እንቅልፍ ነሣኝ፤ ብዙዎቻችን የምናስበው እንደዚያ ስለሆነ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ኢትዮጵያ ምድር ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ አውሮፕላን ነበር፣ አብራሪው አንድሬ ማዬ ከጅቡቲ አምጥቶ አዲስ አበባ አሳረፈው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዩንከርስ የተባለ የጀርመን አውሮፕላን ተከተለው። በዓመቱ አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ አብራሪነትን ተምረው ተመረቁ። ንጉሥ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ይህን ሲያደርጉ ብዙዎቹ መኳንንት አውሮፕላንን እንደ መጫወቻ ነበር የሚያዩት። መንገድ በሌለበት አገር ግን ደብዳቤና መድኃኒት በሰዓታት የሚያደርስ ነገር መጫወቻ አይደለም። በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀውን ጉዞ አስቡት።

ሉድቪግ ቬበር የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረ ጀርመናዊ ነው። ጣሊያን ጦሯን በኤርትራና በሶማሊያ እያከማቸች ባለችበት ሰዓት እሱና አብረውት የነበሩት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አዲስ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠሩ። ሞተሯ ከቼኮዝሎቫኪያው የዋልተር ፋብሪካ የመጣ ነበር፤ ጉልበቱ 115 የፈረስ ጉልበት። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች፤ «ኢትዮጵያ 1» የሚል መጠሪያም ነበራት። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በረረች።

«ጀርመን ሠራት» ላልከው ወንድሜ፦ የቬበርን ዕውቀት ማንም አይክድም። ነገር ግን የጎንደርን ድልድይ ፖርቱጋል ሠራው፣ የአዲስ አበባን ቤት አርመን ሠራው እያልን ከቆጠርን እጃችን ምን ሲሠራ እንደኖረ ሊነግረን የሚችል ሰው አይኖርም። እንጨቱን ያለዘበ፣ ሸራውን የወጠረ፣ ብሎን ያሰረ ሰው ነበር። የቬበር ስም በየጋዜጣው ይጠራል፤ የእነዚያ ሰዎች ስም አይጠራም። የእኔ ቅሬታ ይህ ነው፤ የጀርመኑ ስም መጠራቱ አይደለም።

አሁን ወደዚያ ታኅሣሥ ልመለስ፤ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ጦርነቱ የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች ከ20 ያነሱ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ ያልታጠቁ ነበሩ። ጣሊያን በመቶዎች የሚቆጠሩ አሰማርታለች። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ፤ ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን አንደኛው ወገን የራሱ ፋብሪካ ነበረው። በኅዳር መጨረሻ ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተሰቀለበት ሆስፒታልም አልተረፈም። ፀሐይ በበረረችበት በዚያው በታኅሣሥ ወር በተከዜ በኩል በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደ። ወሩ ሳይወጣ ደግሞ በደቡብ፣ በመልካ ዲዳ፣ የስዊድን ቀይ መስቀል ካምፕ ተመታ። በዚያ ወር የኢትዮጵያ ገበሬ አውሮፕላን ሲሰማ ሮጦ ዋሻ ይገባ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ጥቂት ሰዎች የራሳቸውን ሠርተው ቀና ብለው ያዩዋት ነበር።

አየር ኃይሉን በዚያን ጊዜ ይመራ የነበረው ሰው ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ጆን ሮቢንሰን ይባላል፤ ከቺካጎ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1927 መጣ፤ በጠላት አውሮፕላኖች መካከል እየሾለከ መልእክትና መድኃኒት ያመላልስ ነበር። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ወጣቶችን አሠለጠነ፤ በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ ጉለሌም ተቀበረ። በሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ገባች። ፀሐይ ተማረከች፤ ወደ ሮም ተላከች። በኋላም ከሮም በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ብራቻኖ ከሚባል ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በተባለው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ተቀመጠች። ጎብኚ ሄዶ ያያት ነበር። ኢትዮጵያዊ ልጅ ግን በመማሪያ መጽሐፉ ስሟን ሳያገኝ ያድግ ነበር፤ እኔ ራሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ስለሷ የነገረኝ መምህር አልነበረም።

ስሟን የሰጠቻት ልዕልትስ? እሷም ተሰደደች። ከቤተሰቧ ጋር በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ እንግሊዝ ገባች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እንደ ልዕልት ልቀመጥ አላለችም፤ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተማረች። እህቶቼ፣ እዚህ ናይሮቢ የጤና ኮርስ ጀምራችሁ «በስደት አገር ተምሬ ምን ልሆን» የምትሉ፣ ይህችን ልጅ አስታውሱ። አገሯ ነፃ ስትወጣ ተመለሰች፣ አገባች፣ ወደ ወለጋ ወረደች፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመቷ አረፈች። በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል እንዲቆም እንግሊዝ አገር ገንዘብ ስታሰባስብ የነበረችው ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ያ ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ታክሲ ውስጥ «ጦር ኃይሎች ወራጅ!» ስንል የኖርን ሰዎች ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን?

ከአገር የወጡት ደግሞ ንጉሡና ልጆቻቸው ብቻ አልነበሩም። የደቡቡ ጦር ሲፈርስ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያንም ጭምር፣ እግራቸው ወደመራቸው ሄደው ኬንያ ገቡ። እንግሊዞች መጀመሪያ ኢሲዮሎ፣ ኋላም በኪሊማንጃሮ ግርጌ ታቬታ በካምፕ አስቀመጧቸው። ሞያሌን አልፎ በኢሲዮሎ መንገድ የመጣችሁ ሁሉ ያለፋችሁት በእነሱ ሰፈር ነው። በ1932 ጣሊያን ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ ግማሾቹ መሣሪያ ይዘው ከዚሁ ከኬንያ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

እንቅልፍ ወደነሣኝ ነገር ልምጣ። ጣሊያን በጦርነቱ ከተሸነፈች በኋላ የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1947) ፓሪስ ላይ የሰላም ውል ፈረመች። የውሉ 37ኛ አንቀጽ ስለ እኛ ነው። የሚለው፣ በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው፦ ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ ወደ ጣሊያን የተወሰዱ የጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ዕቃዎች፣ የመዝገብ ሰነዶችና ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁኑ የግለሰብ፣ ውሉ ከጸና በ18 ወር ውስጥ ይመለሳሉ። «ጣሊያን ብትፈቅድ» አይልም። «በጦር ሜዳ የተማረከ አይመለስም» አይልም። ውሉ የጸናው በ1940 መስከረም ስለሆነ፣ ቆጥሩት፣ ቀነ ገደቡ መጋቢት 1941 ዓ.ም. ነበር።

አገር ውስጥ ተሠርታ በበረረችበት ዓመት የተወሰደች የመጀመሪያ አውሮፕላን ታሪካዊ ዋጋ የላትም የሚል ሰው ካለ ይምጣ።

የአክሱም ሐውልት በ1929 ተወስዶ፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሮም ላይ ለ58 ዓመታት ያህል ቆይቶ፣ በሚያዝያ 1997 በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት ቁራጭ መጣ። ለዚያ መመለስ ከደከሙት አንዱ የሲልቪያ ልጅ ሪቻርድ ፓንክረስት ነው። እናት ለልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለመነች፤ ልጅ ደግሞ ስለ አውሮፕላኗ ፀሐይ መመለስ ጻፈ፣ ጮኸ። ሐውልቱን ዐይቶ አረፈ። ፀሐይን አላየም፤ በ2009 አዲስ አበባ ላይ ሞቶ ቅድስት ሥላሴ ሲቀበር እሷ ገና ብራቻኖ ዳር ነበረች።

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጣሊያን በይፋ አስረከበች። ዕለቱ አስተርእዮ ማርያም ነው፤ አስተርእዮ መገለጥ ማለት እንደሆነ የሚያውቁት እናቴ በስልክ «ቀኑን እዩት» አሉኝ። ከቀነ ገደቡ ወደ 75 ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ለዚህ ነው «ሰጠችን» የሚለው ቃል የሚቆረቁረኝ። ከእናንተ ገንዘብ የተበደረ ሰው ልጆቹ አርጅተው፣ ልጆቻችሁ አርጅተው ቢመልስ፣ መቀበል ይገባል፤ ክፋትም አያስፈልግም፣ የጠበቀው እጅ ይመስገን እንበል። ጣሊያኖቹ አድሰው ጠብቀዋታል፣ ይህ እውነት ነው። ስጦታ ብሎ መጥራት ግን ውሉን መቅደድ ነው። ስጦታ ካልነው ያልተመለሰውን ስንጠይቅ ለማኝ እንሆናለን። ፓንክረስት ደጋግሞ ይጽፍ የነበረው ስለ አውሮፕላኗ ብቻ አልነበረም፤ ስለተወሰዱት የመዝገብ ሰነዶችም ነው።

«ፕሮፓጋንዳ ነው» ላልከው ወንድሜም፦ ማን ፎቶ እንደተነሣባት ዐውቃለሁ። አንተ ለምን እዚህ እንዳለህም ዐውቃለሁ፤ እኔም ያለሁት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ግን ፀሐይ ስትሠራ የነበረው መንግሥት ሌላ፣ ውሉ ሲፈረም የነበረው ያው፣ ሐውልቱ ሲመለስ የነበረው ሌላ፣ እሷ ስትመጣ የነበረው ሌላ ነው። ተረካቢ ይቀያየራል። የአገር ዕቃን «እነሱ ስለተረከቡት አልፈልገውም» ካልን ለእነሱ አስረክበን ሄድን ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በተለይ አገር ቤት ላላችሁ ዘመዶች። ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ በአናጺነት፣ በብረት ሠራተኝነት፣ በዘበኝነት የሠራ አያት ወይም ቅድመ አያት ያላችሁ፣ ወይም «የአውሮፕላን ቤት ነበር የሚሠራው» የሚባል ሰው በቤተሰብ ወሬ ውስጥ የሰማችሁ፣ ስሙን ከነአባቱ ጻፉልኝ። ፎቶ ካለም በውስጥ መስመር ላኩ። ሽማግሌዎቹን ስትጠይቁ ስልካችሁ ላይ ድምፃቸውን ቅረጹ። ያገኘሁትን ሰብስቤ በሚቀጥለው ወር እዚሁ እለጥፈዋለሁ።