በመጫኛ የመጡ ሰዎች፦ ያለ ፈቃድ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ

ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆናችሁ ያደራችሁ የኮሌጃችን ልጆች ይህን ሳታዩ አልቀራችሁም። ከምሽቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ በሩ በሰው ይሞላል። ስድስት ሰባት ወንዶች ጋቢያቸውን እንደደረቡ ይገባሉ። መካከላቸው እጁ በመጫኛ የታሰረ ሰው አለ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራሉ፤ የታሰረው ወይ ይጮኻል ወይ ዝም ይላል። እኛም የምንጠይቀው ያልታሰሩትን ነው።

ለዘንድሮው መጽሔት ታሪክ ጻፊ ስባል፣ የሕንፃውንና የኃላፊዎቹን ታሪክ ለሌሎች ትቼ የዚያን መጫኛ ታሪክ ልጻፍ አልኩ። አንድ ሰው ሳይፈቅድ አእምሮ ክፍል እንዲተኛ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሕመሙ ክብደት ብቻ ነው? ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የመረጥኩት ብዙ ታካሚዎቼ ከዚያ ስለመጡ ነው።

አገሩና ገመዱ

አገሩ ከጉና ተራራ ትከሻ ይጀምርና ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። ነፋስ መውጫ ከወረታ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች ትሻላለች። ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ግን ሰው መኪና እስኪያገኝ ድረስ የሚሄደው በእግሩ ነው፤ መራመድ ካቃተው በቃሬዛ። ወላድም በቃሬዛ፣ ስብራትም በቃሬዛ። አእምሮው የታመመ ሰው ግን ቃሬዛ ላይ አይተኛም። ስለዚህ ታስሮ ይሄዳል።

ይህን ጭካኔ ብቻ አድርጎ ማየት ቀላል ነው። እዚያ ለኖረ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከጓሮ በታች ገደል አለ። የሳር ቤት በአንድ ክብሪት ይነዳል። የታመመው ሰው ጎረቤት ቢመታ ደግሞ ደሙ በቤተ ዘመዱ ላይ ይመጣል። ጠበል ሲወሰድም አንዱ ወንድም ከራሱ ጋር አስሮት ያድራል፤ በጥንቱ ፍርድ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ይታሰሩ እንደነበረው ማለት ነው። የታሰረው አንዱ ብቻ አይደለም። አሳሪውም እርሻውን ትቶ ታስሯል።

ሕጋችንም ይህን ያውቀው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 342 ላይ የሚለውን በራሴ ቃል ላስቀምጠው። ነዋሪው ከ2000 በታች በሆነ የገጠር ቦታ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች አንድን ሰው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የሚጠብቁትና እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክሉት ከሆነ እብደቱ የታወቀ ነው ተብሎ ይገመታል። ከዚያ ከፍ ብሎ ያለው ቁጥር 341 ደግሞ ሆስፒታል ወይም መሰል ተቋም ውስጥ መግባቱን እንዲሁ ይቆጥረዋል። ሕጉ ይህን የጻፈው እሰሩ ለማለት አይደለም፤ በሽተኛው የፈረመው ውል እንዲፈርስ መጠየቅ እንዲቻል ነው። ቢሆንም የዘመዱ ገመድና የሆስፒታሉ አልጋ እንደ እብደት ማስረጃ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ወንጀል ፈጽሞ በሕመሙ ምክንያት ኃላፊ የማይሆንን ሰው ፍርድ ቤት ወደ ሕክምና ተቋም እንዲልከው ይፈቅዳል። ወንጀል ሳይሠራ ሕመሙ የበረታበትን ሰው በተመለከተ ግን፣ ለረጅም ዘመን ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና ሕግ ስላልነበረን፣ ነገሩ በዘመድና በተረኛ ሐኪም መካከል የሚያልቅ ነበር።

የአማኑኤል መንገድ

በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጋይንት ገበሬ ይህ ማለት በሬ መሸጥ፣ ሁለት ሦስት አጃቢ መያዝና የማያውቁት ከተማ ማደር ነው። በሬ የሚሸጠው ደግሞ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በሽተኛው የሚጓዘው ሕመሙ ሲጀምር ሳይሆን ጫፍ ሲደርስ ይሆናል። ጫፍ የደረሰን ሰው ለምኖ አውቶቡስ ማሳፈር ይከብዳል። የሚጓዘው በግድ ነው።

የኛ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሲከፈት የታሰበው ለእንዲህ ያለው ገጠር ነበር። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ነው የሠለጠኑት። የዘመኑ ጠላት ወባው፣ ተስቦውና ፈንጣጣው ነበር። የአእምሮ ሕመም ተራው የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዓለም ጤና ድርጅት እገዛ አማኑኤል ላይ የሳይካትሪ ነርሶች መሠልጠን ጀመሩ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት ከፈተ። ከዚያ በፊት ሳይካትሪስቶቻችን የሚሠለጥኑት ውጭ አገር ነበር። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣና ሕክምናው በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ ታቀደ። በጥቅሉ ስናየው የሰባ ዓመቱ ታሪክ መድኃኒቱ ወደ ሰዉ መንደር የተጠጋበት ታሪክ ነው።

አንድ ሌሊት

መድኃኒቱ ተጠግቶ ሲያበቃ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያየሁት በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ሆስፒታሉን አልጠራውም። አዲስ ጀማሪ ነበርኩ እንዳልል ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ከስማዳ ገጠር አንድ ወጣት በመጫኛ አስረው አመጡ። ታሪኩን ከአጎቱ ወሰድኩ። ቻርቱ ላይ «ኃይለኛ፣ በዘመድ የመጣ» ብዬ ጻፍኩ፣ መርፌ አዘዝኩ፣ አጎቱ አውራ ጣታቸውን አተሙ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

በማግስቱ ዙር ላይ በስሙ ስጠራው ቀና ብሎ አየኝ።

«ዶክተር፣ ስሜን ማን ነገረዎ?»

«ዘመዶችህ» አልኩት።

«እኔም እኮ አውቀው ነበር» አለኝ።

ነርሷ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቁጭ ብዬ እሱን መጠየቅ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ለካ ከዚያ በፊት ታክሞ ተሽሎት ነበር። በየወሩ ጤና ጣቢያ እየሄደ መድኃኒት ይወስዳል። አንድ ወር አልቋል አሉት። ተመልሶ ሄደ፣ አልቋል። ሦስተኛ ጊዜ ሄደ። «እንግዲህ ድኜ ይሆናል ብዬ ተውኩት» አለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላው እንቅልፍ አጣ፣ ጎረቤቱን ጠረጠረ፣ ዱላ አነሳ። ያን ጊዜ መጫኛው መጣ።

አጎቱ በረንዳ ላይ ነበሩ። የሰማሁትን ስነግራቸው አቀርቅረው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኛስ ምን እናርግ? ብንፈታው ገደል አለ፤ ብናስረው ኃጢአት ነው» አሉ።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

በሌሎች አገሮች የተሠሩ ጥናቶች በግድ ለመተኛት የሚያጋልጡ ብለው ደጋግመው የሚያነሷቸው ሳይኮሲስ፣ ቀድሞ በግድ ተኝቶ ማወቅ፣ ሥራ ማጣትና ድህነት ናቸው። እኛም ዘንድ እነዚህ አሉ። ልዩነቱ፣ እዚያ በሽተኛውን ብዙ ጊዜ ፖሊስ ሲያመጣው እዚህ የሚያመጣው ዘመድ መሆኑ ነው። በሶዶ ወረዳ የተሠራና በ2009 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ለምን ታስራላችሁ ብሎ ሲጠይቅ፣ ጉዳት እንዳይደርስ ከሚለው ጋር ወደ ጤና ተቋም ለማድረስ የሚል መልስ አግኝቷል። ለማሳከም ነው የሚታሰረው ማለት ነው።

እኔ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሰዎች የተማርኩትን ላክልበት። መድኃኒት መቋረጥ አለ። የመንገድ ርቀት አለ። እነዚህ ወረዳዎች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ሲታቀፉ የኖሩ ናቸውና የመሳፈሪያ ገንዘብ ማጣት አለ። አስታማሚው ለሥራ ወደ ሁመራና መተማ ሲወርድ የሚጠብቅ ሰው ማጣት አለ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የሆነው ግጭት መንገዱን ሲዘጋው እነዚህ ሁሉ ባሱ። የመጨረሻው ምክንያት ደግሞ ከኛው ጠረጴዛ ነው፦ በሽተኛውን አለመጠየቅ። ከታሰሩት መካከል ቢለመኑ ፈቅደው የሚተኙ ነበሩ። ስንቱን ሳልጠይቅ በግድ እንዳስተኛሁ ሳስበው ያመኛል።

በግድ ማስተኛት ጨርሶ ይቅር አልልም። ራሱን ሊያጠፋ ያለን ወይም ልጁን ሊጎዳ ያለን ሰው ፈቃድህ ነው ብሎ መመለስ ሕክምና አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን ጉዳት ብቻውን ነፃነት መንፈጊያ መሆን የለበትም ይላል። እኛስ ሌላ ምክንያት ካለን ለምን አንጽፈውም?

ከዚያ ሌሊት ወዲህ እኔ የማደርገው ትንሽ ነገር ነው። መጀመሪያ ስሙን እሱኑ እጠይቃለሁ። ገመዱ ሊፈታ ይችል እንደሆነ አያለሁ። መድኃኒት መቼና ለምን እንደቆመ እጽፋለሁ። ያለ ፈቃዱ ከተኛ ምክንያቱንና ሰዓቱን አሰፍራለሁ፤ ጠዋት ደግሞ እንደገና እጠይቀዋለሁ። ይህ በጀት አይፈልግም።

መምህራኖቻችን አሁንም ተረኛ የሚያስተምሩ፣ ጓደኞቼም በየጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚያዙ ናቸውና አደራዬ ለሁለታችሁም ነው። ወጣቱ ስማዳ ውስጥ ሦስት ጊዜ በእግሩ የሄደበት ጤና ጣቢያ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ኖሮት ቢሆን፣ እኔና እሱ ባልተገናኘን ነበር።