በቫይታሚን ቢ12 እጥረት የሚደርስ የእይታ ነርቭ ጉዳትና የምስል ምርመራው

የቫይታሚን ቢ12 እጥረት የደም ማነስን ከማስከተሉም በላይ ከዓይን ወደ አንጎል መልዕክት የሚያስተላልፈውን የእይታ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ በወቅቱ ተደርሶበት ሕክምና ከተጀመረ እይታ የሚሻሻል ሲሆን፣ ከዘገየ ግን የጠፋው ላይመለስ ይችላል።

ቫይታሚኑ በተፈጥሮ የሚገኘው እንደ ሥጋ፣ ጉበት፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ባሉ የእንስሳት ተዋጽኦዎች ነው። እነዚህን ለረጅም ጊዜ የማይመገቡ፣ ጨጓራቸው ቫይታሚኑ ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚረዳውን ንጥረ ነገር የማያመነጭ፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው እንዲሁም ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች ለእጥረቱ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

የዓይን ችግሩ ሕመም የለውም። የሁለቱም ዓይኖች የመሐል እይታ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ቀለማት፣ በተለይም ቀይ፣ ፈዘው ይታያሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ነርቩ በተለመደው የዓይን ምርመራ ጤናማ ሊመስል ስለሚችል ችግሩ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመለየት ከሚያግዙት ዘዴዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ይፋ የተደረገው ኦፕቲካል ኮሂረንስ ቶሞግራፊ፣ በአጭሩ ኦሲቲ፣ ነው። መሣሪያው ኢንፍራሬድ ጨረር ወደ ዓይን ልኮ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን በመለካት የሬቲናን ንብርብሮች ተቆርጠው የታዩ ያህል ለይቶ ያሳያል። የነርቭ ክሮቹንም ውፍረት በሚሊ ሜትር ሺህኛ ይለካል። ምርመራው ዓይንን አይነካም፤ ኤክስሬይም አይጠቀምም።

በእጥረቱ የተጎዳ ዓይን ሲመረመር የመሐል እይታን የሚያስተናግዱት ክሮች ሳስተው ሊታዩ ይችላሉ። ክሮቹ እምብዛም ካልሳሱ የመሻሻል ተስፋው ሰፊ ነው። በእጅጉ ከሳሱ ግን ሕክምናው በዋናነት የቀረውን እይታ ለመጠበቅ ይውላል።

ይሁን እንጂ ምስሉ ብቻውን መንስኤውን አያረጋግጥም። ግላኮማ፣ የሜታኖል መመረዝና ኢታምቡቶል የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም ክሮቹን ሊያሳሱ ይችላሉ። በመሆኑም የቫይታሚኑ መጠን በደም ምርመራ መታወቅ ይኖርበታል።

እጥረቱ ከተረጋገጠ ቫይታሚኑ በመርፌ ወይም በሚዋጥ መድኃኒት ይሰጣል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን መውሰድ የደም ማነሱን ሊያሻሽል ቢችልም የነርቭ ጉዳቱን አይገታም፤ እንዲያውም እጥረቱ ተሸፍኖ እንዲቆይ ሊያደርግ ይችላል። ስለሆነም እይታቸው በሁለቱም ዓይኖች እየደበዘዘ የመጣ ሰዎች መነጽር ከመቀየራቸው አስቀድሞ ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል።