የጎደሉት ሁለት እርከኖች

በሆዴ በስተቀኝ፣ ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ትንሽ መሰላል አለች። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም፣ ልጅ ሳለሁ፣ ትርፍ አንጀቴ በቀዶ ጥገና ሲወጣ የተሰፋሁበት ጠባሳ ናት። ረጅሙ መስመር የምላጩ፣ አግዳሚዎቹ እርከኖች የክሩ ዱካ ናቸው። ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ በዚያው ሕመም ታክማ ስትወጣ ጠባሳዋ በቀጭን ብዕር የተሰመረ መስሎ አገኘሁት። እሷም የእኔን አየት አድርጋ «ወንድምዬ፣ አንተንስ የሰፋህ ማዳበሪያ ሰፊ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። ቀን ባንክ ቤት የሰው ሒሳብ ሳመሳክር ውዬ ማታ ስንኝ ለመቋጠር የምታገል ሰው ነኝና፣ የቋጠሮ ነገር ይስበኛል። ስለዚህ የስፌትን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርሁ።

ታሪኩ ከሩቅ ይነሣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ በግብጽ የተጻፈው፣ ዛሬ የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የሚባለው ጥቅል፣ ቁስልን ስለ መስፋት ይናገራል። በሕንድ በሱሽሩታ ስም የሚጠራው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍም ልዩ ልዩ የስፌት ዓይነቶችን ይለያል፤ የተቀደደ አንጀትንም በጉንዳን መንጋጋ አስነክሶ መግጠምን ያስተምራል። በ16ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው አምብሯዝ ፓሬ ፊት ላይ ለደረሰ ቁስል ሌላ ብልሃት ነበረው፤ በቁስሉ ግራና ቀኝ ጨርቅ በሙጫ ይለጥፍና፣ ቆዳውን ትቶ ጨርቁን ከጨርቁ ጋር ይሰፋ ነበር። የክር ዱካ በፊት ላይ እንዳይቀር መጨነቅ እንግዲህ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1867 ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ከተሕዋስያን የመጠበቂያውን መንገድ አሳተመ። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ደግሞ አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ ክሩን ከቆዳው ሥር የሚደብቀውን ስፌት ሠራበት። የእህቴ ስፌት የዚህ ዘር ነው።

ስፌቶቹን ጎን ለጎን ስናያቸው እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ተከታታዩ ስፌት እናቴ የነጠላ ጠርዝ እንደምትዘመዝመው በአንድ ክር ይሮጣል። ፈጣን ነው፤ ክሩ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ግን መላው ሊላላ ይችላል። ከቆዳ ሥር የሚሄደው ውብ ጠባሳ ይተዋል፤ የሚመቸው ግን ንጹሕና ከንፈሮቹ ያለ ብርቱ ጉተታ ለሚገጥሙ ቁስል ነው። ነጠላ ነጠላው ስፌት አዝጋሚ ነው፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ለብቻው ይታሰራል። ክሩ ከጠበቀ ወይም ከሳምንት በላይ ከቆየ እርከን ይተዋል። በምትኩ አንዱ ቢፈታ ሌላው ይይዛል።

ይህን ሳነብ የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝ። ቤተሰቦቼ ተራ ቁርጠት መስሏቸው ጤና አዳም እያጠጡኝ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ ሐኪም ቤት ስደርስ ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ነበር። በተሰፋሁ በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ቀልቶ አበጠ፣ ትኩሳቱም በረታ። ሐኪሙ ሁሉንም አልፈታም። ከመካከል ሁለት ቋጠሮ ብቻ ቆረጠና መግሉን አፈሰሰው፤ የቀሩት ከላይና ከታች ጸንተው ያዙ። ያ ሰው ሲሰፋኝ ለውበት ሳይሆን ለሚመጣው ክፉ ቀን አስቦ ኖሯል።

ለእህቴ ይህን ነገርኋት። አልሳቀችም። ጠባሳዬን እንደገና ጎንበስ ብላ አየችና እርከኖቹን በጣቷ ቆጠረች፤ ከመካከል ስትደርስ ቆመች። «እዚህ ጋ ሁለት ይጎድላል» አለችኝ።

ያተረፉኝ እነዚያ ሁለቱ ናቸው።